የዘሪቱ ምላስ

ዘሪቱ ሌባ መሆኗን የሰማችው ገና ከአልጋዋ ሳትወርድ ነው። የነገራት ሰው አልነበረም፤ ግድግዳው ነው። የእሷን አንዲት ክፍል ከባሏ ወንድም ከዶላሞ ሳሎን የሚለየው የጭቃ ግድግዳ ምርጊቱ ከተሰነጠቀ ሁለት ክረምት አልፎታል፤ የዶላሞ ሚስት አለምነሽ ከወዲያ ስታስነጥስ ከወዲህ "ይማርሽ" ለማለት ድምፅ ከፍ ማድረግ እንኳ አያስፈልግም። የዚያን ጠዋት ግን አለምነሽ አላስነጠሰችም። ጨው ልትበደር ለመጣች ጎረቤት ቀስ ብላ፣ ማለትም ሰፈሩ በሙሉ በሚሰማው ቀስታ፣ እያወራች ነበር። "ምላሷን አይተሻል? ነጭ በነጭ ነው። ትናንት ስታዛጋ በዓይኔ በብረቱ አየሁት። አይጥ አይጥ ስንል ለካ አይጧ ጎናችን ነው የምታድረው። የሕፃናቱን ወተት በመዳፏ እየዘገነች ስትቅም ነው የከረመችው። ጌታ ይቅር ይበላት እንጂ እኔማ ምን እላለሁ።"

በዚያ የድርቅ ዓመት የእርዳታ ዱቄት ወተት በአውሮፕላን ይመጣ ነበር። ጂንካ ከተማ መሃል በተዘረጋው የሣር ሜዳ ላይ ላሞቹ ይባረራሉ፣ አውሮፕላኑ ያርፋል፣ ከረጢቱ ይራገፋል፣ ላሞቹ ደግሞ ምንም እንዳልተፈጠረ ተመልሰው ሣራቸውን ይግጣሉ። ለየቀበሌው ከተከፋፈለ በኋላ የዚህን ቀበሌ መጋዘን ቁልፍ የምትይዘው ዘሪቱ ነበረች። ማለዳ ማለዳ ሕፃን ያዘሉ እናቶች በጣሳ፣ በቅል፣ እጀታው በተሰበረ ጀበና ሳይቀር ይሰለፋሉ፤ እሷም በቆርቆሮ ኩባያ እየሰፈረች ትሰጣለች። ባሏ ዳርጌ ካረፈ ወዲህ የምትኖረው በዚህ ሥራ ነው። ሥራው ከሄደ ክፍሏም ይሄዳል፤ ግቢው የዶላሞ ነው፣ የአለምነሽ እህት ደግሞ ክፍሉንም ቁልፉንም ከፈለገችው ቆይታለች። ከትናንት በስቲያ አንድ ከረጢት አፉ ተፈትቶ እኩሌታው ጎድሎ ተገኘ። የቀበሌው ሊቀመንበር የሆነው ራሱ ዶላሞ ነው። ቁልፏን ተቀበላት፣ በሩ ላይ ወረቀት ለጥፎ ማኅተም አሳረፈበት፤ ሁለተኛው ቁልፍ ድሮም ከእሱ ቤት አይጠፋም። እስከ ትናንት ማታ የተጠረጠሩት አይጦች ነበሩ። ዘሪቱ ከአይጥ ወደ ሰው የተዛወረውን ክስ በግድግዳው በኩል ሰምታ ተነሳችና የዳርጌን መላጫ መስታወት ከግድግዳው አውርዳ አፏን ከፈተች።

አለምነሽ አልዋሸችም። ምላሷ እርጎ የተቀባ ይመስላል። ጉንጯ በውስጥ በኩል፣ ላንቃዋ፣ የከንፈሯ ጥግ ሳይቀር ነጭ ነጭ ነገር ተለጥፎበታል። የጀመራት በጥርሷ ነው። ከወር በፊት መንጋጋዋን አሟት ቀይ አፈር ገበያ ወርዳ፣ ሳሙናና ዶቃ ከሚሸጥ ሰውዬ ሸራ ላይ ግማሹ ቀይ ግማሹ ቢጫ የሆነ ፍሬ መድኃኒት ገዛች። "ስንት ቀን ልውሰድ?" ብላ ብትጠይቀው "እስኪያልቅ" አላት። ዘሪቱ ደግሞ ገንዘብ አውጥታ የገዛችውን ነገር የምታባክን ሴት አይደለችም፤ ጥርሷ ከተሻላት በኋላም እስኪያልቅ ድረስ ዋጠችው። መድኃኒቱ ሲያልቅ ነጩ ነገር መጣ። አሁን በነጠላዋ ጫፍ ጨው ይዛ ፈተገችው። በመፋቂያ ሞከረችው። አንዳንዱ ተላጠና ሥሩ ደም አወጣ፤ ሌላው እዚያው ተጣብቆ ቀረ። ዓይኗ እንባ አቀረረ። ከሕመሙ ይልቅ የበደሉ ነገር አንገበገባት።

ኤርጎ በር ላይ የቆመው ይኼኔ ነው። ኤርጎ የቀበሌው ጥበቃ ነው፤ ጠመንጃው ከቁመቱ ይረዝማል፣ ልቡ ደግሞ ከሁለቱም ይበልጣል። "ጓድ ዘሪቱ፣" አለ መሬት መሬት እያየ፣ "አፍሽን ሳትታጠቢ ነይ ተብሏል። ማስረጃ ነው አሉ።" ዘሪቱ የያዘችውን ጨው ደበቀችና ተከተለችው። መንገዱ ረጅም አልነበረም፤ በራቸው ተለጣጥፎ ነው ያለው።

ዶላሞ ሳሎኑ ውስጥ ሬዲዮኑን አጥፍቶ ተቀምጧል። ይህ ሰው ትምህርት ቤት በነበረ ጊዜ ቁርሱን የምታበላው፣ ሸሚዙን የምታጥበው ዘሪቱ ነበረች፤ ሌላ ጊዜ ቤት ውስጥ "እትዬ" ነው የሚላት። ዛሬ ምን ብሎ እንደሚጠራት ስላልቆረጠ ምንም ሳይጠራት ወንበር አመለከታት። አለምነሽ የዓመት ልጇን አዝላ ደፉ ላይ ቆማለች። ጠረጴዛው ላይ የፕላስቲክ አበባ፣ የባትሪ መብራትና ትናንት የተላጠ የብርቱካን ልጣጭ አለ፤ ሦስቱም ሰዎች እየተራቸው ልጣጩን አዩት። በመጨረሻ ዶላሞ ባትሪውን አነሳና "ክፈቺ" አላት። ከፈተች። እያጎነበሰ እስከ ጉሮሮዋ ድረስ አበራ፤ ወንድሙ በሕይወት ቢኖር እንዲህ ወደ ሚስቱ አፍ ይገባ እንደሆነ ጌታ ያውቃል። "ነጭ ነው" አለ።

"ቁስል ነው፤ ያቃጥለኛል" አለች ዘሪቱ።

"ወተት እኮ አያቃጥልም" አለ ኤርጎ ከበሩ፣ ማንም ሳይጠይቀው። ከዚያ የሊቀመንበሩን ዓይን አየና ጠመንጃውን አስተካከለ።

ዶላሞ ስምንተኛ ክፍል ድረስ ተምሯል፤ ከዚያም በላይ ለካድሬነት አርባ ምንጭ ሄዶ ኮርስ ወስዷል፤ ከኮርሱ ያተረፈው ደግሞ "ሳይንሳዊ" የሚለውን ቃል ነው። ከኤርጎ ንግግር ይልቅ የገዛ ሐሳቡ ደስ አሰኘው። "ጉዳዩ በሳይንሳዊ መንገድ ይጣራ" አለ። "ጤና ጣቢያ ትወሰድ። ምርመራው በዘጠኝ ሰዓት ለሰፊው ሕዝብ ይቀርባል።" አለምነሽም "ይታይ፣ ይታይ፤ የጤና ጣቢያ መሣሪያ ዘመድ አያውቅም" ብላ አጸደቀችው። ዘሪቱ ግን መሣሪያ የሚለውን ስትሰማ ፈራች። ምክንያቱም አንድ ነገር ነበር። ወተቱ መጀመሪያ የመጣ ቀን፣ ኖራ ይሁን ዱቄት እንዳታደናግር ብላ፣ አንዲት ጣቷን ነክራ ቀምሳለች። አንዲት ጣት፣ ያውም ትንሿን። ከዚያ ወዲህ ሦስት ወር ሆኖታል፤ ስንት ጎመን፣ ስንት ቆጮ በላዩ አልፏል። ነገር ግን ያ መሣሪያ ዓይን የማያየውን ያያል ሲባል ሰምታለች። በሜዳው ዳር ዳር ከኤርጎ ፊት ፊት እየሄደች፣ አፏን በነጠላዋ ሸፍና፣ ላሞቹም ሰዎቹም ቀና እያሉ ሲያዩዋት፣ ያቺን ትንሽ ጣቷን በመዳፏ ውስጥ አጥፋ ጨብጣት ነበር።

የላቦራቶሪው ሰው ንብረት ይባላል። ቀጭን፣ ፀጉሩ የከበደ፣ ከመጣ ዓመት ያልሞላው ልጅ ነው፤ ጂንካ ውስጥ ከወባና ከሆድ ትል በስተቀር የሚመረመር ስላላገኘ ሥራው ሰልችቶታል። የዘሪቱን አፍ ሲያይ ፊቱ በራ። "እትዬ፣ ይሄ ስንት ጊዜው ነው?" አለ፣ ጥሩ በግ እንዳየ ነጋዴ እየተሽከረከረ። መድኃኒት ወስደሽ ነበር ወይ አላት። ስለ ቀዩና ቢጫው ፍሬ ስትነግረው ራሱን በረጅሙ ነቀነቀ። ከዚያ በስስ እንጨት ምላሷን ፋቅ አድርጎ፣ የወጣውን ጠፍጣፋ መስታወት ላይ ቀባው፤ አንድ ጠብታ ፖታሽ ጨመረበት። ፖታሹ የሰውን ሥጋ ያሟሟል፣ የሻጋታን ዘር ግን አይነካም አለ። ማይክሮስኮፑ የሚሠራው በፀሐይ ነው፤ ከሥሩ ያለችውን መስታወት ወደ መስኮቱ አዙሮ ብርሃን እስኪያገኝ ድረስ ደመናውን ሲሳደብ ቆየ። ከዚያ አጎንብሶ አየ። ዘሪቱ ትንሿን ጣቷን ይበልጥ ጨበጠቻት።

"ፈንገስ ነው" አለ ንብረት ቀና ሳይል። "ክብ ክብ ሆኖ፣ ከጎኑ ቡቃያ እያወጣ፣ ክር ክርም አለበት።"

"ሌላስ? ከሥሩ... የቆየ ነገር አይታይም?" አለች።

"ምን የቆየ ነገር?"

"እንዲያው ነው" አለችና ጣቷን ፈታቻት። ደስታዋ ከጉሮሮዋ ሊወጣ ምንም አልቀረውም። ኤርጎም ይየው ተብሎ አጎነበሰ፤ ብዙ አየና "ጥቁር ፀጉር አለበት" አለ። የገዛ ሽፋሽፍቱ ነበር።

ንብረት ግን በዚህ የሚያቆም ሰው አይደለም። የትኛው ፈንገስ እንደሆነ በእርግጥ ለማወቅ ሌላ ምርመራ አለ አለ። ፈንገሱ እንቁላል ነጭ ውስጥ ገብቶ በሰው ገላ ሙቀት ሁለት ሦስት ሰዓት ሲቆይ፣ የሚፈለገው ዓይነት ከሆነ ጭራ የመሰለች ቀጭን ቱቦ ያወጣል። ሌላው ዓይነት አያወጣም። እንቁላሉን ኤርጎ በአሥር ሳንቲም ከጎረቤት ገዛው። ሙቀቱ ነው ያስቸገረው፤ ማሞቂያው መብራት ይፈልጋል፣ መብራቱ ደግሞ ማታ ማታ ብቻ ነው የሚመጣው። ንብረት እንቁላል ነጩን ከፈንገሱ ጋር በመስታወት ቱቦ ከትቶ አፉን በጥጥ ደፈነና ዙሪያውን አየ። ሰው ያለው አንድ የማያቋርጥ ሙቀት ብብቱ ነው። ዘሪቱ እጇን ዘረጋች። ኤርጎ ከለከላት፤ ማስረጃ በተከሳሽ ብብት አይቀመጥም፣ መመሪያው ባይጻፍም እንዲያ መሆን አለበት። ስለዚህ የቀበሌው ጥበቃ ጠመንጃውን ወደ ቀኝ ትከሻው አዛውሮ ቱቦዋን በግራ ብብቱ ሥር አስገባ። ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ እንደታቀፈች ዶሮ ሆነ፤ ሰው ሲጠራው አንገቱን ብቻ ነው የሚያዞረው። ንብረትም በመጨረሻ የዘሪቱን አፍ እንዳይብስባት ብሎ ጂቪ ቀባላት። ጂቪ መቼም ሁሉም ያውቀዋል፤ ሐምራዊ መድኃኒት ነው። ምላሷ፣ ጥርሷ፣ ከንፈሯ፣ አገጯ ጭምር ሐምራዊ ሆነ።

በዘጠኝ ሰዓት የቀበሌው አዳራሽ ሞልቷል። ስለ ማዳበሪያ ሲጠራ አሥር ሰው የማይመጣበት ስብሰባ፣ ስለ አንዲት ሴት ምላስ ሲሆን መስኮት ላይ ሳይቀር ሰው ተንጠልጥሎበት ነበር። ዶላሞ እንደ ደንቡ መፈክር አሰማ፤ ሕዝቡ ግራ እጁን ጨብጦ ወደ ላይ አነሳ። ኤርጎ ብቻ አላነሳም። ሊቀመንበሩ አፈጠጠበት። ኤርጎ በጭንቀት ላቡ ጠፍ ጠፍ እያለ ከክርኑ በታች ያለውን ክንዱን ብቻ እያወዛወዘ፣ ብብቱን እንደዘጋ፣ አብዮቱን በተቻለው መጠን ደገፈ። ከዚያ ዘሪቱ ወደ ፊት ተጠራችና አፏን ክፈቺ ተባለች። ከፈተች። አዳራሹ "ኡ" አለ።

"ማስረጃው ተቀብቷል!" አለ ዶላሞ።

"ታክሟል" አለ ንብረት ማይክሮስኮፑን መስኮቱ ሥር እያስቀመጠ። ቱቦዋን ከኤርጎ ብብት ተቀብሎ፣ ጠብታ አውጥቶ፣ ፀሐይዋ ከደመና እስክትወጣ ከሕዝቡ ጋር ጠበቀና አየ። ጭራ አውጥቷል። አንድ በአንድ፣ ወገቡ ሳይጠብ፣ ቀጥ ያለ ጭራ። ካንዲዳ ይባላል አለ፤ ሊጥ ከሚያቦካው እርሾ ጋር ዝምድና ያለው ነገር ነው።

ከሁሉም በፊት የተነሱት አቶ ቦሼ ናቸው። የጸሎት ቤቱ ሽማግሌ ናቸው፤ ያደጉት በአሪ ቋንቋ ስለሆነ አማርኛን እየመዘኑ ነው የሚናገሩት። "እርሾ ካለ ቦርዴ አለ" አሉ በሐዘን። "እህታችን ጠጥቷል ማለት ነው።" አዳራሹ አጉረመረመ። ዘሪቱ ከድጡ ወደ ማጡ መግባቷን አየች፤ ወተት የሰረቀች ከቀበሌ ትባረራለች፣ እንደ ጠላ የሚያሰክረውን ቦርዴ የጠጣች ደግሞ ጸሎት ቤት ካላት የመዘምራን ወንበር።

"የለም አባቴ" አለ ንብረት። "በእርስዎም አፍ ውስጥ አለ። የሁላችንም አፍ ውስጥ አለ፤ ከሌሎች ጥቃቅን ነገሮች ጋር ተጎራብቶ በሰላም ይኖራል። ያ ከገበያ የተገዛው መድኃኒት ጎረቤቶቹን ሲገድልለት ነው ቤቱን በሙሉ የወረሰው።" አቶ ቦሼ አፋቸውን በመሐረብ ሸፍነው ተቀመጡ። አጠገባቸው የነበሩትም ቀስ ብለው ከንፈራቸውን ገጠሙ።

ዶላሞ ነገሩ ከእጁ እንደወጣ ታውቆታል፤ የሚስቱም ዓይን ከፊት ወንበር እየወጋው ነው። ስለዚህ የመጨረሻውን ሳይንሳዊ ጥያቄ ጠየቀ። "ወተትስ ቢሆን በዚህ መሣሪያ ሲታይ እንዲሁ ክብ ክብ አይሆንም ወይ? በምን ለየኸው?" ንብረት ተደሰተ። ጥሩ ጥያቄ ነው አለ፤ ወተቱ ይምጣና ጎን ለጎን ይታይ። ዶላሞ እንደማይሆን አስረዳ። መጋዘኑ ታሽጓል፣ ማኅተሙን ለመቅደድ የአውራጃው ፈቃድ ያስፈልጋል፣ ጂንካ ውስጥ ደግሞ ዱቄት ወተት የሚሸጥ ሱቅ እንደሌለ ይታወቃል።

"ለዚህማ!" አለችና አለምነሽ ከመቀመጫዋ ብድግ አለች። ወተቱ ከሐሜቷ ጎን እንደሚቆምላት አንዳች ጥርጥር አልነበራትም፤ ልጇን እንዳዘለች ወጣች፣ ቤቷ ከአዳራሹ ጀርባ ነውና ሰው አክ ብሎ ሳይጨርስ ተመለሰች። ከጋዜጣ ቁራጭ ውስጥ ነጭ ዱቄት አውጥታ ለንብረት ሰጠችው። "ያው፣ አስተያየው" አለች በኩራት።

ንብረት ሥራው ላይ ነው። በውሃ ጠብታ በጠበጠው፣ አጎነበሰ፣ ብርሃኑን አስተካከለ። ከኋላው የሕዝቡ ዓይን ሁሉ ወደ አለምነሽ እንደዞረ አላየም። "ይኸውላችሁ" አለ፣ "ይሄ የስብ እንክብል ብቻ ነው። ቡቃያ የለው፣ ክር የለው፣ ጭራ የለው። ከእትዬ ዘሪቱ አፍ የወጣው ፈንገስ ነው። ይሄኛው ደግሞ" ቀና አለና ለሕዝቡ አረጋገጠ፣ "ጥርት ያለ ዱቄት ወተት ነው።"

ዶላሞ ሰንደቅ ዓላማውን ያያል፤ አለምነሽ ደግሞ የጋዜጣውን ቁራጭ፣ ማን እጄ ላይ አኖረው እንደማለት። በመጨረሻ አቶ ቦሼ መሐረባቸውን ከአፋቸው ገለጥ አድርገው "ሊቀመንበር ቤት ዱቄት የሚታለብ ላም ገዝቷል እንዴ?" አሉ። አዳራሹ ፈነዳ። መስኮት ላይ የተንጠለጠለ አንድ ሰውዬ በሳቅ ወደቀ። ኤርጎ ሁለቱንም ብብቶቹን ከፍቶ ሳቀ።

ዘሪቱም ደስ አላት፤ ምን ይደበቃል። ከጠዋት ጀምሮ ያቃጠላት ነገር ሁሉ ውሃ የፈሰሰበት ያህል ሆነላት። ያዘጋጀችው ንግግርም ነበራት፤ ስለ ሸሚዙና ስለ ቁርሱ የሚጀምር፣ በዳርጌ አጥንት የሚያልቅ። አፏን ልትከፍት ስትል ግን ሕፃኑ ከእናቱ ጀርባ እጁን ሰደደ። የጋዜጣውን ቁራጭ ቀማትና የተረፈውን ዱቄት ይልሰው ጀመር፤ በችኮላ፣ ጥርት አድርጎ፣ የለመደ ልጅ እንደሚልሰው። እጁ እንጨት አክሏል። ዘሪቱ በየማለዳው ስንት ሕፃን እንደምታይ እሷው ታውቃለች፤ የእናቱ ጡት የነጠፈበትን ልጅ ካየች አትስትም። የሊቀመንበር ሚስት ጣሳ ይዛ ከእነዚያ ሴቶች ኋላ መቆም እንዴት እንደሚያሳፍራትም ለመገመት መሣሪያ አላስፈለጋትም። ንዴቷ አልጠፋም፤ ግን ያ ረጅም ንግግር እንዳለ ጠፋት።

ሕዝቡ እየሳቀ ሲበተን ዶላሞ አጠገቧ መጥቶ ቆመ። ቁልፉን ከኪሱ አውጥቶ፣ ዓይኗን ሳያይ፣ መዳፏ ላይ አኖረው። ስለ ይቅርታ ሊጀምር ሁለት ጊዜ ጉሮሮውን ጠረገ፤ ሁለቱም ጊዜ ጉሮሮው ብቻ ተጠረገ።

"ነገ ጠዋት አለምነሽ ልጁን አዝላ ትምጣ" አለችው ዘሪቱ። "ተሰልፋ ትውሰድ። አላጎድልባትም።"

ዶላሞ ወደ ደጁ አየ። አለምነሽ ፊቷን ወደ ግንቡ አዙራ ልጁን ታባብላለች። "ሰው ያያታል እኮ፣ እትዬ" አለ ቀስ ብሎ።

ዘሪቱ በሐምራዊ ከንፈሮቿ ትንሽ አሰበችበት።

"የእኔን ምላስ ያላየ ሰው አለ?" አለችው።